ከሆርነ የተወሰደው ወንበር

ፕሬበን ሎይቦርግ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከፎቦርግ ተነስቶ በሆርነ መንደር በኩል እስከ ቦይደን የመርከብ ወደብ የሚሄደውን መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶታል። ጠዋት ወደ መርከቧ የሚሄዱትን ያደርሳል፣ ከመርከቧ የሚወርዱትን ወደ ከተማ ይመልሳል። በዚያ መስመር ላይ የማያውቀው በር፣ በስሙ የማይጠራው ውሻ አልነበረም። እኔ ከእነሱ ጋር አጥር ለአጥር ስኖር ነው ያረጀሁት። ያላየሁትን ደግሞ ሚስቱ ዩተ ነግራኛለች፤ ዩተ ስታወራ ምንም አታስቀርም።

የወንበር ፍቅር የያዘው በዚሁ በሥራው ሰበብ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የወላጆቹን ዕቃ እያወጣ የሚጥልበት ጊዜ ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ፕላስቲክ የለበሰ አዲስ ዕቃ መጥቶ፣ አባትና እናት በአምሳዎቹ ዓመታት ከደሞዛቸው እየቆጠቡ የገዙት የቲክና የባሉጥ እንጨት ወንበር «የሽማግሌ ዕቃ» ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱ ትልልቅ ቆሻሻ በሚያነሳበት ቀን ዋዜማ በየደጃፉ ይደረደራል። የአውቶቡስ ሹፌር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከአጥር በላይ ያለው ሁሉ ይታየዋል። ፕሬበንም አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ ሰው እንደጫነ አውቶቡሱን ጥግ አስያዘና ቆመ።

«ምነው ቆምክ? ጎማ ፈነዳ እንዴ?» አለችው ከኋላ አንዲት ዓሣ ማሸጊያ ቤት የምትሠራ ሴት።

«የለም፤ ወንበር አይቼ ነው።»

«እኛስ ምን ላይ የተቀመጥን መስሎህ ነው?»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ፕሬበን ግን ወርዶ ወንበሩን አንስቶ ተመለሰ። ሴትዮዋም እስከ ከተማ ድረስ ጭኗ ላይ አቅፋ ያዘችለት።

ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ስቬንቦር ከተማ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የወንበር ገማጅ ዘንድ ሁለት ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለሰ፣ ከወረቀት በተገመደ ጠንካራ ገመድ መቀመጫ መሥራት ተማረ። እንጨት በሳሙና ውኃ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የላላ እግር እንዴት ተነቅሎ ዳግመኛ በሙጫ እንደሚገጠም አወቀ። ወንበር ሲያገኝ መጀመሪያ ገልብጦ ሆዱን ነው የሚያየው። «ፊቱን ለሰው ብለው ያሳምሩታል፤ ሆዱ ግን አይዋሽም» ይላል። ከቤታቸው ጀርባ ያለው አሮጌ ጎተራ ወንበር በወንበር ሆነ። ዩተ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ቤት ቡና የሚጠጣው በቁም ነው። አንዱ ወንበር ሙጫው እየደረቀ ነው፣ አንዱ ሳሙና እየጠጣ ነው፣ የቀሩት ደግሞ እንዳይነኩ ታዘዋል» ትል ነበር።

የአውቶቡሱ ድርጅት አለቃ ግን አልሳቀም። ፕሬበንን ጠርቶ፣ «ይሄ አውቶቡስ ሰው ማመላለሻ ነው ዕቃ ማመላለሻ?» አለው።

«ሰው የሚቀመጥበትን ነው የጫንኩት።»

«ጭራሽ ተረበኛ ሆነሃል! እዚህ ላይ ፈርም።»

ወረቀቱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከእንግዲህ አንድ ወንበር አውቶቡሱ ላይ ቢገኝ ከሥራ ይሰናበታል። ዩተ ሁለተኛ ልጃቸውን ያረገዘችው በዚያው ሰሞን ነው። ፕሬበን ፈረመ፤ ከልቡም ነበር። አምስት ወር ሙሉ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

በሰኔ አንድ ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባዶ አውቶቡስ እየነዳ በሆርነ ሲያልፍ፣ የሣር ክዳን ካለው ነጭ ቤት በር ላይ አንድ ባለ እጅ ወንበር ብቻውን ቆሟል። ቆሻሻ የሚነሳው በማግስቱ ዓርብ ነው። ፕሬበን አይቶ አለፈው። መቶ ሜትር ያህል እንደሄደ ቆመ። ትንሽ ተቀምጦ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ።

እንዲህ ያለ ወንበር አይቶ አያውቅም ነበር። ጠቆር ያለ ባሉጥ ነው። መደገፊያውና ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ዞረው የተሠሩ ናቸው፤ የተጋጠሙበትን ቦታ በዓይኑ ፈልጎ ስላጣው በጥፍሩ ነው ያገኘው። እጆቹ ወደ ፊት ሲመጡ እንደ መቅዘፊያ ጫፍ ይሳሳሉ። የመቀመጫው ገመድ በአንድ ጥግ ከመላላቱ በቀር እንከን የለውም። ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ አስገብቶ የዝናብ ካፖርቱን ጣለበት። ማታ ጎተራው ቆጥ ላይ ሰቅሎ ሲገለብጠው፣ ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ «ኤ. ብ.፣ ቁጥር አንድ» የሚል ጽሑፍ አነበበ። በያዛቸው መጻሕፍት ሁሉ ቢያገላብጥ እንዲህ ያለ ወንበር የለም።

በስምንተኛው ቀን አጃ ዳቦውን የተፈጨ ጉበት ቀብቶ እየበላ የከተማውን ጋዜጣ ገለጠ። እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ ንጋት ላይ ሆርነ ከሚገኘው ቤታችን በር ባለ እጅ የባሉጥ ወንበር ተሰርቋል። ከሥሩ ኤ. ብ.፣ ቁጥር አንድ የሚል ጽሑፍ አለው። ሁለተኛ የለውም። የወሰደው ሰው ቢመልስ አንጠይቀውም። ኤስኪል ብራመር፣ አናጺ።»

«ምነው ፊትህ ገረጣ?» አለችው ዩተ።

«ጉበቱ ጨው በዝቶበታል» አላት።

ያን ዕለት መልሶ ቢወስደው ነገሩ ያልቅ ነበር። ሊመልሰውም አስቦ ነበር። ነገር ግን ወንበሩን በአውቶቡስ መውሰዱ ከታወቀ ሥራው ይሄዳል። የሆርነ ሰው ደግሞ በየፌርማታው የሚያወራው ስለ ሌባው ብቻ ሆነ። ትንሽ ይብረድ አለ። ሳይበርድም በተከታዩ ማክሰኞ ኤስኪል ብራመር ራሳቸው ኮፍያቸውን አድርገው ተሳፈሩ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ። ከፍለው ሲያበቁ አልሄዱም፤ ከሹፌሩ አጠገብ ቆሙ።

«አንተ በዚያ ሰዓት የምታልፍ ሰው ነህ» አሉት። «ሐሙስ ለት በበራችን ላይ ምንም አላየህም?»

«አላየሁም» አለ ፕሬበን።

ኤስኪል ራሳቸውን ነቅንቀው ልክ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ፎቦርግ ማጅራቱን እያዩት ሄዱ፤ ወይም ለእሱ እንደዚያ መሰለው። ፕሬበን ኋላ እንደነገረኝ፣ ወንበሩን መውሰዱ አይደለም ያሰረው፤ ያቺ «አላየሁም» ናት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው የወሰድኩት ማለት ይቻል ነበር። ፊት ለፊት ተጠይቀው ከዋሹ በኋላ ግን ምን ይባላል?

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ወንበሩን በወታደር ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አኖረው። ሌሎቹን ሁሉ ሲያድስ፣ ሲያጥብ፣ ሲገምድ፣ ያንን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠገነውም። የራሱ አልነበረምና። በሆርነ ሲያልፍ ሁልጊዜ ወደ ማዶው ያያል። ኤስኪል ብራመር መሞታቸውን ከዓመታት በኋላ በጋዜጣ ሲያነብ፣ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ወዲያው በራሱ አፈረ። ከዚያ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቀውን ሰው እንዳጣ ገባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዩተ አታውቅም። እኔም አላውቅም። የምናውቀው ፕሬበን ሳቂታ፣ ወንበር ወዳድ፣ በመንደሩ ውስጥ የተሰበረ ነገር ሲኖር የሚጠራ ሰው መሆኑን ነው።

ጡረታ ወጣ። የዩተ ጉልበት ደረጃ መውጣት እንቢ አለ፣ የእሱም ወገብ። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ቤቱን ሸጠው ወደቡ አጠገብ ወዳለ ባለ ሊፍት አፓርታማ ሊገቡ ተስማሙ። አፓርታማው ሁለት ክፍል ነው። ወንበሮቹ ሰባ አራት ናቸው።

ከኮፐንሃገን ሞንስ የሚባል አሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጎተራው ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን እየገለበጠ፣ «ይሄን ገመድ የገመድከው አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ!» እያለ ሲያመሰግን ፕሬበን እንደ ልጅ ደስ አለው። እሱ ከታች ዝርዝር ሲጽፍ ግን ሞንስ መሰላሉን ወጥቶ ቆጡ ላይ ደረሰ። ድምፁ ጠፋ። ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱን እንደገለጠ ፕሬበን ያወቀው በዝምታው ነው።

«ፕሬበን፣ ይሄን ማነው የሠራው?»

«አላውቅም።»

«ዕድሜ ልክህን ወንበር ስትገለብጥ ኖረህ ይሄን አታውቅም? ሰውዬ፣ ታች ያሉትን ሁሉ ተዋቸው። ይሄን ስጠኝ።»

«አይሸጥም።»

«ዋጋ ጥራ እንጂ።»

«አይሸጥም አልኩህ! የኔ አይደለም።»

ዩተ ቡና በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።  ሞንስ የሚያነሳውን ምልክት አድርጎ፣ ከሳምንት በኋላ ከነመኪናው እንደሚመለስ ተናግሮ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ጎተራው ውስጥ ገባችና፣ አንዱን እንዳይነካ የተባለ ወንበር ስባ ተቀመጠችበት።

«የማን ነው?»

ፕሬበን ቆሞ ነገራት። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ከመለሰበት ጀምሮ እስከ «አላየሁም» ድረስ።  

«ሠላሳ አምስት ዓመት!» አለች ሲጨርስ። «ከሌባ ጋር ነው ያረጀሁት ማለት ነው?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው፣ ዩተ።»

«ስለ መውሰድህ መች ተናገርኩ? ለኔ አለመንገርህን ነው! ያኔ ብትነግረኝ በብስክሌት ጭኜ እኔው ራሴ እመልሰው ነበር። እርጉዝ ሆኜም ቢሆን!»

«ይሄንን አልጠራጠርም።»

«የኤስኪል ሚስት በሕይወት አሉ?»

«አሉ። አምና በአትክልት ቦታቸው አይቻቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ትወስዳለህ።»

«ነገ እንኳ ጎተራውን ለሞንስ...»

«ነገ ጠዋት!»

በማግስቱ ፕሬበን ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለበሰ። ዩተ ስታየው፣ «ማን ሞተ?» አለችው፤ ቢሆንም አልከለከለችውም። ከዳቦ ቤት በቡናማ ስኳርና በቅቤ የተጋገረ ትኩስ ኬክ ገዛች፤ በባዶ እጅ አይኬድም ብላ። ወንበሩን የመኪናው የኋላ መቀመጫ ላይ አድርገው ቀበቶ አሰሩለት። ሆርነ ሊደርሱ ሲሉ ክብ ሆኖ የተሠራው የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ፕሬበን መኪናውን ጥግ አስያዘ።

«አልችልም» አለ። 

ዩተ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ተወችው። «እኔ ከጎንህ ነኝ» አለች። «ቃሉን አንተ ትላለህ። ሌላውን እኔ እሞላዋለሁ።»

ወይዘሮ ታይራ ብራመር የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው፣ ከቤታቸው ጎን ድንች እየቆፈሩ አገኟቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ግን እንደ ችካል ቀጥ ያለ። መጀመሪያ ሰዎቹን አዩ፣ ቀጥሎ ፕሬበን የተሸከመውን። ባልዲው ከእጃቸው ወድቆ ድንቹ በየአቅጣጫው ተንከባለለ።

ፕሬበን ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ወንበሩን ሣሩ ላይ አስቀመጠና፣ «ወይዘሮ ብራመር፣ ሌባው እኔ ነኝ» አለ።

ሴትዮዋ አፈር የያዘ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር። ዩተ ሊወድቁ መስሏት ሮጣ ደገፈቻቸው። እያለቀሱም እየሳቁም ነበር።

«አንተ ነህ? አውቶቡስ ነጂው?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ስንት ዓመት ሙሉ በደጄ ያለፍከው?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ምንም ቢሉኝ ይገባኛል።»

«ምን እላለሁ? አልሰረቅክም እኮ! እኔ ነኝ የጣልኩት።»

ፕሬበን ያልሰማ ሰው ይመስል አያቸው። ዩተም እንዲሁ። ታይራ ወደ አግዳሚው ወንበር ሄደው ቁጭ አሉና፣ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን አወሩ።

ኤስኪል ያንን ወንበር የሠሩት በወጣትነታቸው ነው። ኮፐንሃገን ለነበረው የአናጺዎች ትርኢት ላኩት። ተወደሰ፤ ነገር ግን ብዙ አድርጎ ሊያሠራው የፈለገ ፋብሪካ አልተገኘም። ወደ ቤት ተመለሰና ሳሎኑ ጥግ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም። ሌሎች የሠሯቸውን ወንበሮች ሸጡ፤ ሰው ተቀመጠባቸው፤ ይሄ ግን የቤቱ ታቦት ሆነ።

«አንዲት ልጅ አለችን፣ ዶርተ» አሉ ታይራ። «በዚያ ሰኔ የምትወደውን ልጅ ልታስተዋውቀን አመጣችው። ኡፈ ይባላል። ወደብ ስትጠጋ ገመድ የሚጥል የመርከቧ ሠራተኛ ነበር። ምስኪን፣ የሰው ፊት የፈራ፣ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ። ቡና ላቀርብ ማድ ቤት ስገባ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው መሰለኝ፣ ያገኘው ላይ ቁጭ አለ። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ኤስኪል ‘ተነስ!’ ብሎ ጮኸበት። እንደ ውሻ! ልጁ ተነሳ። ዶርተም አብራው ተነስታ ወጣች። ‘ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም’ አለች። እኔ ኩባያዎቹን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቃል አልወጣኝም።»

ታይራ ሌሊቱን አልተኙም። ሊነጋጋ ሲል ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አውጥተው በር ላይ አቆሙት። ቆሻሻ አንሺዎቹ በማግስቱ እንደሚመጡ ያውቃሉ። ሳይመጡ ሰው ወሰደው። ኤስኪል ተነስተው ጥጉን ባዶ ሲያዩት፣ በሩን ሳልቆልፍ አድሬ ሌባ ገባ አሉ። በኋላ አንድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ አይቼው ነበር ሲል፣ ሌባው አውጥቶት መኪና ሊያመጣ ሄዶ ይሆናል ብለው ደመደሙ።

«ጋዜጣ ላይ ባወጣ ቀን ልቤ ‘ንገሪው’ አለኝ፤ አፌ እንቢ አለ። እስኪሞት ድረስ እንቢ አለ» አሉ ታይራ። «የማላውቀውን ሰው ሌባ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ያ ሰው ምን ሆኖ ይሆን፣ ተይዞ ይሆን፣ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«እኔ ግን ባለቤትዎ ጠይቀውኝ ዋሽቻቸዋለሁ» አለ ፕሬበን።

«እኔንም ጠይቆኛል። እኔም ዋሽቼዋለሁ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሁለት ውሸታሞች ተገናኘን።»

«አንደኛው የኔ ነው» አለች ዩተ ዓይኗን እየጠረገች። «መልሼ ልውሰደው ወይስ እዚሁ ልተውልዎት?»

ሦስቱም ሳቁ። ፕሬበን ሳቁ ሲያልቅ ጥቁሩን ኮት አውልቆ አግዳሚው ላይ ጣለና፣ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ድንች ይለቅም ጀመር። ዩተ እንደምትለው ፊቱን ላለማሳየት ነበር። ጎንበስ እንዳለ ነው፣ «እሳቸውስ ከዚያ ወዲያ እንዴት ሆኑ?» ብሎ የጠየቀው።

«በጋውን ሁሉ አልተናገረም። ሳሎን ሲያልፍ እንኳ ወንበሩ ያለ ይመስል ጥጉን ዞሮ ነበር የሚያልፈው። በመጋቢት ዶርተ መውለጃዋ መድረሱን ሰማን። አንድ ቀን ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባ፤ ለአሥር ቀን የመላጊያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። የሕፃን አልጋ ሠርቶ ወጣ። ብቻውን ተሸክሞ ወደ እሷ፣ ቦይደን ድረስ ሄደ።»

ፕሬበን ቀና አለ። «አስታውሳለሁ። በኔ አውቶቡስ ነው የሄዱት። አልጋውን እኔ ነኝ ያወረድኩላቸው።»

«አለቃህስ?» አለች ዩተ።

«ያን ቀን አለቃውም ትዝ አላለኝ።»

ታይራ በኤስኪል ላይ ክፉ እንዳይታሰብባቸው ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። አንድ ቀን ራት እየበሉ ኤስኪል፣ «የወሰደው ሰው ይቀመጥበት ይሆን?» አሏቸው። ታይራም፣ «ይቀመጥበታል» አሉ። እሳቸውም «እንግዲያስ ጥሩ» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ፕሬበን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልተቀመጥኩበትም» አለ። «አንድ ቀንም።»

«እኔም» አሉ ታይራ። «ሃያ ሰባት ዓመት አቧራውን ስወለውል ኖሬ፣ አንድ ቀንም!»

ብድግ አሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ሣሩ ላይ ወደቆመው ወንበር ሄደው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡበት። ወደ ኋላ ተደገፉ። ክርናቸው በእጆቹ ላይ አረፈ። ትንሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ይመቻል እኮ! ይሄ ሰውዬ እንዲህ የሚመች ነገር ሠርቶ ነው የከለከለን?»

ዩተ ለልጃቸው ስልክ አስደወለቻቸው። ዶርተና ኡፈ የሚኖሩት እዚያው ቦይደን ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዶርተ አምሳ አምስት ያለፋት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። የመጣችው እናቷ የታመሙ መስሏት እየሮጠች ነበር። እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋት፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ፣ «እኔ ነኝ የጣልኩት» አሏት። «በነጋታው። በአንቺ ምክንያት።»

ዶርተ ነገሩ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ሣሩ ላይ ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ... ዝም ስትዪ ከእሱ ጋር የቆምሽ መስሎኝ ነበር። ታረቅን፣ ተረሳ ብዬ ነው እንጂ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።»

«አውቃለሁ። ልነግርሽ ስል እሱም ሊሰማ ነው። እሱ ሲሞት ደግሞ ሙት ማሳጣት መሰለኝ።»

ኡፈ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሆዱም ጢሙም። ከኋላ ቆሞ ኮፍያውን ያሻል። ታይራ ተነሱና፣ «ና ኡፈ፣ ተቀመጥ» አሉት።

«የለም የለም። እኔ እዚህ ወንበር ላይ አንዴ ተቀምጬ ያየሁትን አይቻለሁ» አለ።

«ተቀመጥ አልኩህ!»

«አያችሁ? እዚህ ቤት ሰው በትእዛዝ ነው የሚነሳው፣ በትእዛዝ ነው የሚቀመጠው» ብሎ ተቀመጠ። የላላው የገመድ ጥግ ሲጥ አለ። ፕሬበን አላስቻለውም።

«ወይዘሮ ብራመር፣ ቢፈቅዱልኝ ያንን መቀመጫ ልገምደው። እስካሁን እጄን ያላሳረፍኩበት ፈቃድ ስለሌለኝ ነው።»

«ያንተ ሥራ ነው እንዴ?»

«ከዚህ ሌላ ምን ሥራ ያውቃል!» አለች ዩተ።

በማግስቱ የገመድ ጥቅሉን፣ መዶሻውንና የእንጨት ሽብልቆቹን ይዞ ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ በሥራ ልብሱ። ሁለት ቀን ሙሉ በታይራ ግቢ፣ የፖም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ገመደ። ታይራ አጠገቡ ድንች እየላጡ፣ ኤስኪል ወጣት ሳሉ እንዴት እንደሚጨፍሩ፣ እንዴት እንደሚቆጡ፣ ጋብቻ ሲጠይቋቸው ጫማ ሳያስሩ እንደመጡ ያወሩለታል። ፕሬበን ሰውየውን የሚያውቀው ከማጅራቱ ኋላ እንደተቀመጠ ፍርድ ነበር፤ አሁን እንደ ሰው አወቀው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ገመድ ወጥሮ አሰረ። በመዳፉ ሲመታት እንደ ከበሮ ጮኸች። ታይራ አዲስ ድንች ከተጠበሰ የአሳማ ሥጋና ከፐርሰሜሎ ስጎ ጋር አቀረቡለት። ሦስት ጊዜ ጨምሮ በላ።

ሞንስ በቀጠሮው መጥቶ ወንበሮቹን ጫነ። ሆርነ ድረስ ሄዶም ታይራን ለመናቸው፤ «ልጄ፣ ቆመህ ማየት ትችላለህ» ብለው ቡና አጠጥተው ሸኙት። ፕሬበንና ዩተ ስድስት ወንበር ብቻ ይዘው ወደ አፓርታማው ገቡ።

እኔ ጎረቤት አጣሁ እንጂ እነሱ ደህና ናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ሆርነ ይሄዳሉ፤ ዶርተና ኡፈም ይመጣሉ። ባለፈው ስጠይቃቸው ፕሬበን በረንዳው ላይ ሄሪንግ ዓሣ በአጃ ዳቦ እየበላ፣ ከወደቡ የምትወጣውን መርከብ እያየ ነበር። ዩተ ከውስጥ፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው ሰውዬ አሁን እስከ ሦስት ሰዓት መተኛት ጀምሯል፤ ቁርስ ብቻዬን ነው የምበላው!» ብላ ከሰሰችው። እሱ ዳቦውን አኘከና እግሩን ዘርግቶ ፈገግ አለ።